የላክሽው የጥብስ ቅጠል

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ለፋሲካ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ በሰው የላክሽው የጥብስ ቅጠል ትዝ ይልሻል? ለወጥ ቤት መስሎኝ ነበር። አቡሽ ግን «አያቴ ለእኔ ነው ያለችው» ብሎ ወሰደው።

ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት ሲመጣ ከማንም ጋር አያወራም ነበር። ሲያነብ ቃል ሲያዝበት ልጆቹ ይስቃሉ። እጅ ማውጣት ከተወ ቆይቷል። አንዳንድ ቀን ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ይለኛል። ሆዱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ቅርንጫፉን ስንዝር ስንዝር አድርጎ ቆረጠው። የታችኛውን ቅጠል መልጦ፣ ከሥሩ በተበሳ የወተት ላስቲክ ተከለው። 12 ነበሩ። በየቀኑ ውሃ ሲያጠጣ 5ቱ በሰበሱበት። ነቅሎ ሲያያቸው ከሥር ጠቁረዋል። አለቀሰ። ከዚያ፣ ቤት ከሚያሠሩ ጎረቤቶች አሸዋ ለምኖ ከአፈሩ ጋር ቀላቀለ። ውሃውንም ቀነሰ። ክረምቱ ሲገባ ጣሪያ ሥር አስጠጋቸው። 7ቱ ለመለሙ።

ለእንቁጣጣሽ ደጃፍ ላይ ደረደራቸው። አንዱ 50 ብር። አንዲት እናት ቆም አሉና «ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አሉት።

«የጥ... የጥ...»

ልመልስለት አፌን ስከፍት እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ምን ያህል እንደቆየ እንጃ። ሴትዮዋ ዝም ብለው ጠበቁት።

«የጥብስ ቅጠል» አለ። ከዚያ ሳይጠየቅ ቀጠለ። ውሃ አይብዛበት፣ በየቀኑ ካጠጡት ይበሰብሳል፣ ፀሐይ የሚያገኝበት ይትከሉት። ደጋግሞ ተያዘበት፤ ግን አላቆመም። 2 ገዙት።

እማዬ፣ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የረዳሁት እየመሰለኝ ስንት ዓመት ቃሉን ከአፉ ስነጥቀው ኖርኩ! አንቺ ግን ስልክ ላይ ሁሌም ትጠብቂዋለሽ። ዝም ስትዪ መስመሩ የተቋረጠ እየመሰለኝ ስልኩን እቀማው ነበር። ለካ እየጠበቅሽው ነው። እስከዛሬ ስላላመሰገንኩሽ ይቆጨኛል።

መንተባተቡ አልጠፋም። ዘንድሮ ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣው አንዴ ብቻ ነው፤ ስለ ተክል ሲማሩ።

አሁን ደግሞ ጤና አዳም አምሮታል። በዘር ይሻላል ወይስ በቅርንጫፍ ብሎ ሊጠይቅሽ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ ራሱ ይደውልልሻል። እኔ ስልኩን ከእጁ አልቀበለውም።

ልጅሽ