የ7ኛ ክፍል ቡድኖችን አደላደል በተመለከተ ለወላጅ መምህር ኅብረት አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

ከተለያዩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጥተው 7ኛ ክፍል የተቀላቀሉት ልጆቻችን በየመጡበት ተቧድነው እንደሚቀመጡና በዕረፍት ሰዓትም ሌላውን እንደማያስጠጉ መምህራኑ ደጋግመው ገልጸውልናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤልየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ የሞከሩት ዘዴ፣ እያንዳንዱ የቡድን አባል የትምህርቱን አንድ ክፍል ብቻ አጥንቶ ለሌሎቹ እንዲያስረዳ ስለሚያደርግ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ልጅ ተፈላጊ ይሆናል፤ ያልታሰበ ጓደኝነትም የሚጀመረው እንዲህ ባለው አጋጣሚ ነው። የእኛው አንድ ለአምስት የተማሪዎች የጥናት ቡድን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጎበዙ ሠርቶ ሌሎቹ የሚገለብጡበት ሆኗል። ስለዚህ አዲሶቹ ቡድኖች በዕጣ እንዲደለደሉ ለርእሰ መምህሩ ሐሳብ ያቀረብን በመሆኑ፣ ልጃችሁ ከጓደኞቹ እንዳይለይ የምትፈልጉ ወላጆች ምክንያታችሁን ከድልድሉ በፊት በጽሑፍ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።