ያየሁትን ብቻ ልጻፍልሽ

አራት ኪሎ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

የኔ እህት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው? ሁለተኛዋን መውለድሽን ከሰው ሰማሁ። እኔ ሳላርስሽ በመቅረቴ በጣም አዘንኩ። እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በየእንቁጣጣሹ «እንኳን አደረሰሽ» ብዬ ስልኬ ላይ እጽፍና ሳልልከው አጠፋዋለሁ። ወንድምሽ ማሙሽ ከጠፋ ጀምሮ በመካከላችን ያለው ነገር በእንኳን አደረሰሽ የሚታለፍ መስሎ አልታየኝም። አሁን ግን ካልጻፍኩልሽ እንቅልፍ የለኝም። መጀመሪያ ባለፈው ወር እኛ ግቢ የሆነውን ልንገርሽ።

የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ እንኖራለን። ከጎኔ ያሉት እናት አንዲት ልጅ አለቻቸው። 21 ዓመቷ ነው፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት። ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማታ የጓደኛዬ ልደት አለ ብላ ወደ ሃያ ሁለት ሄደች። እሁድ ጠዋት አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው። ስልኳ ዝግ ነው።

እናትየው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ጣቢያ ሄዱ። «ወጣት ናት፣ ትመጣለች። 24 ሰዓት ይጠብቁ» ብለው መለሷቸው። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ መጻፍ አልፈልግም። ግን ያ ቀን ነበር ዋናው ቀን። ልደቱ የተከበረበት ሆቴል ጥበቃ ፈረቃው ገና አልተቀየረም። ያሳፈራት ሾፌር የጫነውን ሰው ያስታውሳል። እሁድ እንዲሁ በመጠበቅ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ የግቢያችን ልጆች አፋልጉኝ ጻፉላት። ፎቶ፣ የለበሰችው ልብስ፣ የእናቷ ስልክ። እኔም ለማውቃቸው ሁሉ ላክሁት። እስኪመሽ ድረስ ከተማው በሙሉ አወቃት።

ከዚያ ምን እንደመጣ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። አንዱ ጥቁር ቪኤይት ውስጥ ስትገባ አይቻለሁ አለ። ሌላዋ፣ ፊቷን እንኳን አይታት የማታውቅ፣ ዱባይ ነው የሄደችው፣ ቪዛዋ ካለቀ ቆይቷል አለች። ኩላሊቷን ወስደው ነው ያለም አለ። «ደህና ልጅ ብትሆን በዚያ ሰዓት ምን ታደርጋለች?» ያሉት ግን ብዙ ነበሩ። በጣም ብዙ። ቲክቶክ ላይ አንዱ ሁለቱንም ማታ ላይቭ እየገባ ስለ እሷ ያወራ ነበር። ሰው ስጦታ ይልክለታል፤ እሱ ደግሞ ስጦታው እንዳይቆም በየጊዜው አዲስ ነገር ይጨምራል። እናትየው ቁጭ ብለው ያዩታል። አትዩት ስንላቸው «ምናልባት አንድ ነገር ያውቅ እንደሆነ» ይሉናል።

አፋልጉኙ ላይ ያለው ስልክም አላረፈም። ልጅሽ እኛ ጋ ናት፣ 30 ሺህ ብር በቴሌብር ላኪ የሚል ደወለ። ላኩለት። ስልኩን ዘጋው።

ሾፌሩን ልንገርሽ። በስልክ የሚጠራ ታክሲ ነበር ያመጣት። አንድ ሰው የመኪናውን ታርጋና የልጁን ፎቶ አግኝቶ «የመጨረሻው ሰው» ብሎ ለቀቀው። በቃ። መገናኛ አካባቢ አውቀውት ከመኪናው ጎትተው አወረዱት። መስታወቱን ሰበሩት፣ ጥርሱን ሰበሩት። ልጁ ግን ያደረገው ነገር የለም። አራት ኪሎ አድርሷታል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መንገድ ለግንባታ ተቆፍሮ ስለነበር ዋናው መንገድ ላይ ነው ያወረዳት።

እዚያው መንገድ ስትሻገር ነው መኪና የገጫት። ገጪው አልቆመም። የማያውቃት ሰው አንስቶ ሆስፒታል ወሰዳት። ቦርሳዋን ማን እንደወሰደው አይታወቅም። መታወቂያ የለ፣ ስልክ የለ። መዝገቡ ላይ «ስሟ ያልታወቀ» ተብላ ሦስት ቀን ተኛች። እኛ ቪኤይት ስንቆጥር እሷ ከቤቷ ብዙም ሳትርቅ ነበረች።

ያገኘናት በእግር ነው። ማክሰኞ ጠዋት እናትየው፣ እህታቸውና እኔ ሆነን ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞርን። ድንገተኛ ክፍል፣ ከዚያ አልጋ ክፍል፣ ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አስከሬን ክፍል። ሦስተኛው ሆስፒታል ላይ አንዲት ነርስ «ስሟ ያልታወቀ አንዲት ልጅ አለች» አለችን። ፊቷ አብጦ እኔ አላወቅኳትም። እናቷ አንሶላውን ከእግሯ በኩል ገለጡት። በሕፃንነቷ ምጣድ ያቃጠላት ጠባሳ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አለ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ተርፋለች። በክራንች ትሄዳለች። ግን ሱፐርማርኬት መመለስ አልፈለገችም። ደንበኛው ሁሉ ቪኤይቱን እያሰበ ነው የሚያየኝ ትላለች። ተሳስተሻል ማለት አልቻልኩም። ስትገኝ ያወራው ሰው ስትጠፋ ካወራው ጋር አይወዳደርም። ሾፌሩን ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም። እናትየው ብቻ ሄደው እግሩ ላይ ወደቁ፤ ምንም ሳያጠፉ።

ሌባ ሻይ ትዝ ይልሻል? አያትሽ ይነግሩን የነበረው። ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ያጠጡታል። ልጁ እየተንገዳገደ ሰፈር ለሰፈር ይሮጣል። በመጨረሻ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ አልሰረቅሁም ቢል የሚሰማው የለም። ያኔ ሰውየው በምን ዕዳው እያልን እንገረም ነበር። ሾፌሩን ሆስፒታል ሄጄ ሳየው የመጣብኝ ያ ልጅ ነው። እሱ እንኳ ሲነጋ ስካሩ ይለቀዋል፤ በወሬ የሰከረን ግን አይለቀንም።

አንቺ ያለሽበት አገርም ይህ ሆኗል። በፈረንጆቹ 2013 ቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ የፈነዳበትን ዓመት ታስታውሺዋለሽ፤ የእኛው ሌሊሳ ዴሲሳ አሸንፎ ሜዳሊያውን ለከተማው ሕዝብ መልሶ የሰጠበት። ያኔ ከአንድ ወር በፊት ከቤቱ የጠፋ ተማሪ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰው ፎቶ ከፎቶ እያስተያየ «ቦምቡን ያፈነዳው እሱ ነው» አለ። ልጃቸውን ሲፈልጉ የነበሩ ቤተሰቦቹ ላይ የስድብ መዓት ወረደ። በኋላ ልጁ ሞቶ ወንዝ ውስጥ ተገኘ። ቦምቡ ከመፈንዳቱ በፊት ነበር የሞተው። ስለዚያ ቤተሰብ ሳነብ እናትሽን፣ እማማን ነው ያሰብኩት። አንቺን ነው ያሰብኩት።

እንግዲህ ወደ ማሙሽ ልምጣ።

እህቴ፣ «የቁማር ዕዳ ነበረበት» የሚለው ወሬ የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ታውቂ ይሆናል። ከእኔ ግን አልሰማሽውም፤ ስለዚህ ስሚኝ። ማሙሽ በጠፋ በሦስተኛው ቀን ፒያሳ አንድ ካፌ ከሥራ ልጆች ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። ምን ሰማሽ አሉኝ። ያን ማታ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ አልኳቸው። ይህ እውነት ነው። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም፣ «ሰሞኑን በቁማር ሳይበላ አልቀረም» አልኩ። ይህ ግምት ነው። ማሙሽ ቁማር ሲጫወት አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ሁሉም ዝም ብለው ሲሰሙኝ ደስ ብሎኝ ይሆናል። ይህን መጻፍ እንዴት እንደሚያሳፍር።

በማግስቱ ዕዳው 200 ሺህ ሆኗል። በሳምንቱ «አበዳሪዎቹ ገደሉት» ተባለ። መርማሪው ማሙሽን መፈለጉን ትቶ አበዳሪ ሲፈልግ ከረመ። ያንን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ በየቀኑ ጣቢያ የምትመላለሺው አንቺ ነበርሽ። ያየሁትን ብቻ ተናግሬ ብተው ኖሮ የሚል ሐሳብ ከራሴ አይወጣም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። እኔ ግን አልረሳሁትም።

ማሙሽ በጠፋበት በ2012 ስለ ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ወጣ፣ ቁጥር 1185። በጋዜጣ፣ በብሮድካስት፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ለሚሰራጨው ነው። ሲወጣ አነበብኩት። እኔ ማኪያቶ ላይ ያልኩትን የሚመለከት አንቀጽ የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ አስባለሁ። ሰው ሲሞትብን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። መርዶ የሚነግሩ ሽማግሌዎች በማለዳ ይመጣሉ። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰው ሦስት ቀን ቁጭ ይላል። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሰው ሲጠፋ ግን ምንም የለንም። ድንኳን ቢተከል ሟርት ነው። ዝም ቢባል ክፋት ነው። ጎረቤት እናንተ ቤት ገብቶ ምን እንደሚል ግራ ይገባው ነበር፤ ቡናው ሲፈላ ዝም ብሎ መቀመጥ ከብዶት መገመት ይጀምራል። እማማ ለዚያ ሁሉ ሰው ሰኒ ያቀብሉ ነበር። ለሦስት ቀን እንኳን ሳይናገር አብሯቸው የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እኔም አልተቀመጥኩም።

ባለፈው እሑድ እማማ ጋ ሄድኩ። ካሳንቺስ ሲፈርስ ገላን ጉራ እንደሄዱ ነግረውሽ ይሆናል፤ እኔ ግን እስካሁን አልረገጥኩትም ነበር። ሰፈራችን አሁን ሰፊ መንገድ ነው። ግቢያችሁ የነበረበትን ቦታ ለማወቅ ዞሬ ዞሬ ደከመኝ። እማማ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ስልካቸውን በከሰል ግድግዳው ላይ ጽፈው ነበር አሉኝ፣ «ማሙሽ ቢመጣ» ብለው። ከዚያ ግድግዳው ፈረሰ። ለባለ ሱቁ ነገሩት፣ ሱቁም ፈረሰ። ኡራኤል በር ላይ ለሚቀመጡ አንድ ነዳይ ቁጥሩን ሰጥተዋል። በየወሩ በ22 ሄደው መኖራቸውን ያያሉ።

እግራቸው ላይ ወድቄ የነገርኩሽን ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «አንቺ እኮ አይተሽው ነበር» አሉኝ። «ምን ለብሶ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እስከዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። መርማሪውም አልጠየቀኝም፤ እኔም ጣቢያ ሄጄ ቃሌን አልሰጠሁም። ሰኞ ሄጄ ሰጠሁ። ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። የተቀበለኝ ወጣት ፖሊስ መዝገቡን ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት፣ ግን አገኘው። በደንብ ጻፈልኝ። ለአንቺም እንደሰጠሁት አድርጌ እጽፍልሻለሁ። ምንም አልጨመርኩበትም።

ጥር 12 ቀን 2012፣ የሚካኤል ዕለት ማታ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ። ቦታው ቸርችል ጎዳና አናት ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ዝቅ ብሎ። ማሙሽ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ቆሟል። ቤቱ ተዘግቶ ነበር፤ መብራቱ ጠፍቷል። ነጭ ሸሚዝ፣ ላዩ ላይ ጥቁር ጃኬት። ነጠላ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፤ ጥለቱ አረንጓዴ። አጠገቡ አንድ ልጅ አለ፣ ከእሱ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገ። ፊቱን አላየሁትም። እየሳቁ ነበር። ማሙሽ አየኝና እጁን አወጣ። «እትዬ፣ ለእማዬ ዘግይቼ ነው የምመጣው በያት» አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ሁለቱም ቁልቁል ወደ ጥቁር አንበሳ አቅጣጫ በእግራቸው ሄዱ። እኔ ታክሲ ያዝኩ።

መልእክቱን ያን ማታ ለእማማ አላደረስኩም። መሽቶ ነበር፣ ነገ እላቸዋለሁ ብዬ ነው። እሑድ ዕለት ነገርኳቸው።

ቀይ ኮፍያ ያለውን ልጅ ታውቂው እንደሆነ ጻፊልኝ። ስልኬ አልተቀየረም።

እህትሽ