እሷን የጠየቃት ሰው አለ?

ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ብርዱ ጉልበቱን ይዞታል እንጂ ሌላ ምንም የለበትም። ወንድምሽ እንደ ድሮው ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ የሃይገር ሰልፍ ይይዛል፣ ማታ ደክሞት ይገባል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከደጃችን ይነሣል፣ እኛ ግን መሀል ከተማ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብናል።

"እማዬ፣ ዝም ያልኩት ከጥበብ ነው ወይስ ከፍርሃት?" ብለሽ በቴሌግራም የላክሽውን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ወዲያው በድምፅ ልመልስልሽ ስልኩን አንሥቼ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሽንኩርት እየከተፉ የሚመልሱት አይደለም። ደግሞ የድምፅ መልእክት አፍ ላይ የመጣውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ቢሰረዝም የሰማው ሰምቷል። ስለዚህ ከወንድምሽ ደብተር ወረቀት ገንጥዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንደገባኝ እንዲህ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ ርእሰ መምህራችሁ የፈተና ወረቀት የጠፋበትን ጥፋት ሁሉ በዚያ ቀን ባልነበረችው ባልደረባችሁ ላይ ላከከ። ከመካከላችሁ ትንፍሽ ያለ የለም። አንቺም በመስከረም የገባሽ አዲስ ሰው ነሽና አቀርቅረሽ ማስታወሻ ትጽፊ ነበር። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፍርሃት ይመስለኛል። ከጥበብ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ባልነሳሽ። ግን "ፍርሃት ነው" ብዬ ብቻ ብተውሽ በሚቀጥለው ስብሰባ ብድግ ብለሽ ትጮኺና እሱም ሌላ ጣጣ ይሆናል።

በእኛ አገር ለሁለቱም ወገን ተረት ሞልቷል። ዝም ማለት ያማረው "ዝም አይነቅዝም" ይላል። መናገር ያማረው ደግሞ "ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" ይልሻል። ሰው ብዙውን ጊዜ ልቡ ያሰበውን ካደረገ በኋላ ነው ተረቱን የሚፈልግለት። መጽሐፍ ቅዱስም ለእንዲህ ያለው ሰው አቋራጭ አልሰጠውም። ምሳሌ 26 ቁጥር 4ን ብታነቢው ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል፤ ቁጥር 5 ላይ እንደ ስንፍናው መልስለት ይላል። ሰባኪዎች የሚመቻቸውን አንዱን ጠቅሰው ያልፋሉ። እኔ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት በከንቱ አይመስለኝም። አንዱን ብቻ ይዘሽ ሂጂ ቢለን ኖሮ ማስተዋልን የሚለምን ሰው ባልነበረ።

ባለፈው ጥቅምት እኛ ብሎክ የሆነውን ልንገርሽ። የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ የጋዝ ሲሊንደር ከደረጃው ሥር ጠፋ። ሴትዮዋ በብሎኩ ግሩፕ ላይ ጻፈች። ወዲያው አንዱ "ማን ገባ ማን ወጣ የሚያውቀው ጥበቃው ነው" አለ። ሌላዋ "እኔም ድሮ ጠርጥሬው ነበር" ብላ ጨመረች። ሦስተኛው ከሥራ ይሰናበት አለ፤ አውራ ጣት የሚያሳይ ምልክት የለቀቀው ደግሞ ብዛቱ። መክሰስ ሳይደርስ ሰውየው ሌባ ሆኖ አረፈው።

ጥበቃው እኮ የያዘው ያቺን ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ ከሱቁ መስኮት አየዋለሁ። እንደ ወትሮው ለሚገባው ሁሉ ከበርጩማው ብድግ ብሎ ቆቡን ያወልቅና "እንዴት ዋላችሁ" ይላል። አንዷ ፊቷን አዙራ አለፈች። አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ፣ ማንም ሳይደውልለት። ሰውየው ቆሞ የቆቡን ጫፍ ያሻል፤ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው ሲመጣ ደግሞ ይነሣል።

ምሽት ላይ የአራተኛ ፎቋ ነርስ ከሥራ ገብታ አነበበችውና አንዲት መስመር ጻፈች፦ "እሱን የጠየቀው ሰው አለ?" በቃ፣ ይኸው ነው። "አታፍሩም" አላለች፣ ጥቅስ አልደረደረች፣ "ንጹሕ ነው" ብላም አልማለችለትም። ልጅቷ ከሰላምታ ያለፈ ቃል የማይወጣት ዝምተኛ ናት። ግሩፑ ረጭ አለ። ከዚያ ሁለት ሰዎች ወርደው ጠየቁት። ሰውየው የበሩን ደብተር አወጣ። የሴትዮዋ ወንድም ሊያስሞላው በማለዳ ይዞት ወጥቷል፤ መዝግቦ አስፈርሞታል።

ሰርቆ ቢሆንስ ኖሮ? ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። ቢሰርቅም ጥያቄዋ ያው ትክክል ነበር። ምሳሌ 18 ቁጥር 17 አስቀድሞ ወደ ፍርድ የገባ ጻድቅ ይመስላል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ይላል። ግሩፑ ላይ አስቀድማ የገባችው ሴትዮዋ ነበረች፤ ሰውየው ግን ጨርሶ የሚገባበት በር አልነበረውም። የንጉሥ ልሙኤል እናት ልጇን "አፍህን ስለ ዲዳው ክፈት" ብላ ስታስተምረው እንዲህ ያለውንም ሰው ያሰበች ይመስለኛል፤ አንደበት እያለው የሚናገርበት ቦታ ያጣውን። ባልደረባሽም በዚያን ቀን ስብሰባ ላይ እንደዚያው ነበረች።

ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት ኒቆዲሞስን ላስታውስሽ ብዬ ነው። በዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በስሙ ሲጠራ ቤተ ክርስቲያን የምንሰማው በሌሊት ወደ ጌታ የመጣውን ኒቆዲሞስን ነው፤ ዮሐንስ 7 ላይ ያለውን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ተሰብስበዋል፤ ጌታን ይዘው እንዲያመጡት ሎሌ ልከው ነበር፣ ሎሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጌታ እዚያ የለም። ፍርዱ ግን አልቋል። ኒቆዲሞስ ከእነሱ አንዱ ነው፤ ዝም ቢል ማንም አይታዘበውም። እሱ ግን "ሕጋችን አስቀድሞ ከእርሱ ሳይሰማ፣ ምንስ እንዳደረገ ሳያውቅ በሰው ይፈርዳልን?" ብሎ ጠየቀ። ልብ በይ፣ "በእርሱ አምኛለሁ" አላለም። ለዚያ ገና ድፍረቱ አልነበረውም፤ ምናልባት እምነቱም ገና አልጠናለትም። ለመጠየቅ የሚሆን ድፍረት ግን ነበረው።

ምን አተረፈ? አፌዙበት። "አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን?" አሉት፤ እያንዳንዱም ወደ ቤቱ ሄደ። ስለዚህ ብትጠይቂ ይሰሙሻል ብዬ አላባብልሽም። "አንቺ ደግሞ ጠበቃዋ ነሽ እንዴ" ይሉሽ ይሆናል። ግን ሰውየው የኋላ ኋላ የት እንደተገኘ እዪ። ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ በተበተኑበት በዕለተ ዓርብ፣ የአርማትያሱ ዮሴፍ ሥጋውን ሲያወርድ ኒቆዲሞስ መቶ ንጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ተሸክሞ በግላጭ መጣ። በሌሊት ከመምጣት ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ መካከል ላይ የተሻገረባት ያቺ ጥያቄ ናት እላለሁ፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ መጽሐፉ አላለውም።

"ገና አዲስ ነኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ" ብለሻል። ካላወቅሽ እንግዲያ ጠይቂ! አለማወቅ ፍርድ እንዳንሰጥ እንጂ እንዳንጠይቅ አይከለክልም። "እሷን የጠየቃት ሰው አለ?" ለማለት የትምህርት ቤቱን ታሪክ ማወቅ አያስፈልግሽም ነበር።

አያትሽ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቅ ነበር። ፊደል የቆጠረችው ልጆቿን ወልዳ ከጨረሰች በኋላ ነው፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲታወጅ። አስተማሪዋ ከበኩር ልጇ የማይበልጥ ተማሪ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው የገባቸው መስለው ይቀመጣሉ። እሷ ግን ጣቷን ሰሌዳው ላይ ቀስራ "ልጄ፣ እስቲ ይቺን እንደገና በለኝ" ትለዋለች፤ እስኪሰለቸው ድረስ። አንድ ቀን "ጸ እና ፀ አንድ ዓይነት ድምፅ ካላቸው ለምን ሁለት ሆኑ?" ብላ ያዘችው። ልጁ ጭንቅላቱን አከከና "እሱን እኔም አላውቀውም እማማ" አላት። አያትሽ እስክትሞት ድረስ ስሙን በደግ የምታነሣው ለዚያች መልሱ ነበር። "አላውቅም ያለኝ አስተማሪ ያስተማረኝን አመንኩት" ትል ነበር። ይህን ለአንቺ የምነግርሽ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ፊትሽ ስላሉ ነው፤ የማታውቂውን ሲጠይቁሽ በቁጣ አፋቸውን እንዳትዘጊ።

ማንበብ ከቻለች በኋላ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ትወደው ነበር። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ትልቅ ሰው ነው፤ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ይዟል። ፊልጶስ በእግሩ ሮጦ ደርሶ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ሲለው "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" አለ፤ ይልቁንም ወጥተህ ከእኔ ጋር ተቀመጥ ብሎ ለመነው። ያገራችን ሰው እንዲህ ተብሎ ነው ወንጌል ውስጥ የገባው፣ ባለማወቁ ሳያፍር። ጌታም በአሥራ ሁለት ዓመቱ ቤተ መቅደስ ሲገኝ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውም ሲጠይቃቸውም ነበር።

ጥያቄ ሁሉ ግን ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መጀመሪያ የጠየቀው እባቡ ነው፦ "በእውነት እግዚአብሔር አዝዞአልን?" ብሎ። እኛም ቡና ላይ የምናውቀው ጥያቄ አለ። አቦል ላይ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፤ ቶናው ሲቀዳ አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እኔ ምለው፣ የሷ ባል ግን ሰሞኑን የት ሄደ?" ትላለች። ጥያቄ መሳይ ሐሜት ነው። በረካ ላይ ባልየው ሌላ ትዳር ይዞ ልጅ ወልዷል። ጾመ ነቢያት ገብቷልና የቅዱስ ያሬድን ቃል ታስታውሻለሽ፤ ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል። ሥጋና ወተቱን መተው ቀላል ነው፤ ጆሮን ማስጾም ነው ያቃተን፣ በተለይ ሱቅ ለምንቀመጥ ሰዎች። እኔ የምለይበት መንገድ ይህ ነው፦ ሴትየዋ እዚህ ብትቀመጥ ይህንኑ በዚሁ ድምፅ እጠይቃት ነበር? ካልሆነ ስኳሩን አቀብላለሁ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? አልመሸም። መጀመሪያ ወደ ባልደረባሽ ሂጂ። ርእሰ መምህሩ እንዲህ አለሽ ብለሽ ግን ወሬ እንዳታቀብዪ፤ ይህ ሰውን ማጣላት ነው። ወረቀቶቹን ለማን እንዳስረከበች ብቻ ጠይቂያትና ስሚያት፤ ምናልባትም ጥፋቱ የራሷ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ለዚያም ተዘጋጂ። ከዚያ ርእሰ መምህሩን ለብቻው አነጋግሪው። ጌታ በማቴዎስ 18 ብቻችሁን ሆናችሁ ያለው አደባባይ ላይ የተሰደበ ሰው የሚሰማ ጆሮ ስለማይኖረው ይመስለኛል። ጊዜም ምረጪ፤ ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ሰዓት ሰው አይጠየቅም። የባለጌውን የናባልን ሚስት አቢግያን አስቢ። በአንድ ቀን ውስጥ፣ ባሏን ሊበቀል የሚመጣውን ዳዊትን ሳትዘገይ ወጥታ መንገድ ላይ አግኝታ ተናገረችው፤ ቤቷ ስትመለስ ግን ናባልን ሰክሮ ስላገኘችው እስኪነጋ ድረስ ትንሽም ትልቅም ነገር አልነገረችውም። ርእሰ መምህርሽ ናባል ነው ማለቴ አይደለም፣ እንዳትስቂ። ሰውየው የሠላሳ መምህርና የስንት መቶ ልጅ ጭንቀት ተሸክሞ ይሆናል የተናገረው።

ስትገቢ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር" በዪው። "ልንገርዎት" ሳይሆን "ልጠይቅዎት"። ቢቆጣሽም መልስ አትስጪ፤ ጠይቀሽ መውጣትሽ ይበቃል። የሆነውን ደውለሽ ንገሪኝ፤ በድምፅ መልእክት ሳይሆን ደውለሽ።

ይህን ደብዳቤ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንድ ላይ አስሬዋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ዓርብ ወደ ሐዋሳ ይወርዳል፤ መናኸሪያ ሲደርስ ይደውልልሻልና ስልክሽን እንዳትዘጊ። ትንሿ ፌስታል ውስጥ ያለው ሽሮ ያለ በርበሬ ነው፤ ለአከራይሽ ስጪያቸው፣ ጨጓራ አለባቸው ብለሽኝ ነበር።

እናትሽ