ያ ውሃ ሰው ይገድላል

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ስትሮክ (በአንጎል ውስጥ ደም ሲረጋ ወይም ሲፈስ የሚመጣ ሕመም) ሕክምና ከጎንደር ያቀረባችሁትን ዘገባ አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ስለ ሐኪሙ በሰፊው ጽፋችኋል፤ የአንጎልን ምስል ስለሚያነሳው ሲቲ ስካን ማሽንም እንዲሁ። እኔን ያንገበገበኝ ወደ መጨረሻው ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ሕመምተኛው ከመኪና እንደወረዱ ቤተሰብ ውሃ አጠጥቷቸው ነፍሳቸው መለስ አለች የሚለው። እንዲህ ያለ አደጋ እንዴት የምሥራች ሆኖ ይጻፋል?

ስትሮክ እጅና እግር ብቻ አያሰንፍም፤ ጉሮሮንም ይይዛል። መዋጥ ያቃተው ሰው የጠጣው ውሃ ሳንባው ውስጥ ይገባል፤ ከስትሮኩ የተረፈው በሳንባ ምች ይሞታል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመቅመሱ በፊት ይፈተናል። ቀና አድርገን እናስቀምጠዋለን፤ እንዲስል፣ ስሙን እንዲናገር እንጠይቀዋለን። ከዚያ በሻይ ማንኪያ ጥቂት ውሃ ሰጥተን፣ ጣታችንን ጉሮሮው ላይ አሳርፈን እንጠብቃለን። ካሳለው ወይም ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ውሃ እንዳለ ሆኖ ከተሰማ እዚያው እናቆማለን፤ ምግቡ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይሆናል። ይህን የምትሠራው ዘጋቢያችሁ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት ያለፋት ነርስ ናት።

በዚህ ሥራ ስንት ጊዜ ጨካኝ ተብያለሁ! «ሲስተር፣ የእናቴ ጉሮሮ ደርቆ እያየሽ?» ብሎ የጮኸብኝን ልጅ አልረሳውም፤ አልፈርድበትምም፣ እናቱ ናት። ዞር ስል ከጋቢው ሥር የአጥሚት ፔርሙስ ያወጣ ዘመድም አጋጥሞኛል። ከእንግዲህ ደግሞ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል ብለው ሲሞግቱኝ ምን ልመልስ?

ሐኪሙ መመስገናቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሐኪም የሚወስነው ሌሎች ያቀረቡለትን ይዞ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ እንግዲህ በር ላይ «ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆነው ያያችኋቸው መቼ ነው?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ምን ዋጋ አለው? የደም ስኳር ሲወርድ ስትሮክ መስሎ ስለሚመጣ፣ ወዲያው የሚለካ ያስፈልጋል። የራጅ ባለሙያው የአንጎሉን ምስል ፈጥኖ ካላነሳ ደሙ ይርጋ ይፍሰስ አይታወቅም፤ ፈስሶ ከሆነ አስፒሪን ራሱ ይጎዳል። ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጥ ከሌለ ጀርባው ይቆስላል። ያልታዘዘ እጅ እንደገና ጽዋ እንዲይዝ ለሳምንታትና ለወራት የሚደክመው ፊዚዮቴራፒስቱ ነው፤ ስሙ በዘገባችሁ የለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግን ፊዚዮቴራፒስቶችን እያሠለጠነ ያወጣል።

ይህ ከጎንደር ሲጻፍ ደግሞ የበለጠ ያማል። በደምቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ ወባ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. እዚህ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አብረው እንዲሠሩ ነበር የሚያሠለጥናቸው። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። አንጋፋዎቻችን በዚህ ሥርዓት ያደጉ ናቸው። በዚህ ከተማ ሕክምናን የአንድ ሰው ገድል አድርጎ መጻፍ እነርሱን መርሳት ነው።

ስማችን ይውጣ አላልሁም። ስለ ውሃው የጻፋችሁትን ግን በሚቀጥለው እትም፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አርሙ፦ በስትሮክ የተጠረጠረ ሰው መዋጥ መቻሉ ሳይፈተን ውሃም፣ አጥሚትም፣ ኪኒንም በአፉ አይሰጠው። ዘጋቢያችሁም ተመልሶ ከመጣ ማታ ይምጣ፤ ተረኞቹን ያነጋግር።

አንዲት ነርስ፣ ከጎንደር