ኮሶዋን ከመሸጥዎ በፊት ይለኩልኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ። ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። እማዬን በጣም ሰላም ይበሉልኝ።

ያን ዕለት ወንድሜ በስልክ «የጓሮዋን ኮሶ ጣውላ ነጋዴ ጠየቀን» ሲለኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው። ቅዳሜ ግን የምለውን አገኘሁ።

እዚህ ዋሽንግተን የመንገድና የመናፈሻ ዛፍ የሚያስጎበኙ ሰዎች አሉ ቢሉኝ ሳቅሁ። ዛፍ ምኑ ይጎበኛል? ብቻ በነፃ ነው ሲሉኝ፣ ሥራም የምገባው ማታ ስለነበር ሄድኩ። የመሩን ሸምገል ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

መጀመሪያ የቆምነው የማውቀው ዛፍ ሥር ነው። ጊንኮ ይባላል። እኔ የምሠራበት ፓርኪንግ በር ላይም አንድ አለ። ሰሞኑን ፍሬው ይረግፋል፤ መኪና ሲረግጠው ሽታው ልክ እንደ ትውከት ነው። ባለ መኪኖቹ እኔን ይቆጣሉ፣ የተከልኩት ይመስል! ሴትዮዋ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ቢጫ ቅጠል ከመሬት አንስተው «የሚሸተው የሴቴው ፍሬ ነው፤ ወንዴው አያፈራም» አሉ። ከቻይና የመጣ ዛፍ ነው፤ መንገድ ዳር የተከሉት የከተማ ጭስና ተባይ ስለሚችል ነው።

ይኼኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ገባሁ። እኛም አገር ኮሶ ሴቴና ወንዴ አለው፣ የሴቴዋ አበባ ቀላ ያለ ነው፣ እናቶቻችን ለትል መድኃኒት የሚያደርጉትም እሱን ነው አልኳቸው። አንዱ «ይጣፍጣል?» አለኝ። እኛ መራራ ነገር ሲገጥመን የምንጠራው የእሱን ስም ነው ስለው ሁሉም ሳቁ።

የጃፓኑን ቼሪ ቶሎ አለፍነው፤ አበባው በጸደይ ነው። ታሪኩ ግን ደስ አለኝ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1910 ከቶኪዮ በስጦታ የመጣው 2,000 ችግኝ ተባይ ተገኘበትና አቃጠሉት። ጃፓኖቹ ሳይቀየሙ በ1912 ሌላ 3,020 ላኩ። የእኛ ሰፈር ቢሆን ሽማግሌ ያስቀምጥ ነበር።

መጨረሻ ላይ ኦክ የሚባል አንድ ትልቅ ዛፍ ጋ ደረስን። ሴትዮዋ ሜትሩን አውርደው ግንዱን በደረት ከፍታ ዞሩት። በዚህ ከተማ ዙሪያው 100 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ከ54 ሳንቲም የሞላ ጤነኛ ዛፍ በገዛ ግቢህ ቢሆን እንኳ መቁረጥ ክልክል ነው። በዚህ ሕግ ቢሆን የወፍ ዋሻን ደን ዝግባ ማን ይነካው ነበር!

እኔ ያሰብኩት ግን የእኛዋን ኮሶ ነው። ልጅ ሆነን ከወንድሜ ጋር ግራና ቀኝ አቅፈናት እጃችን አልገናኝ ይለን ነበር፤ ቅርፊቷ ሹራባችን ላይ እየተላጠ እማዬ ስታራግፍልን ትዝ ይለኛል።

አባዬ፣ ገንዘቡ ለምን እንዳስፈለገ አውቃለሁ። ባህር ዛፉን ይሽጡት፤ እሱ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል። ለኮሶዋ ግን የበሬውን ገመድ በደረትዎ ልክ ያዙሩባትና ወንድሜ ርዝመቱን ለክቶ እሁድ ስደውል ይንገረኝ። ነጋዴው የሚሰጠውንም ዋጋ ጨምሮ፤ እኔ መላክ ከምችለው የሚበልጥ ከሆነ እንነጋገራለን።

ናፋቂ ልጅዎ