የጉርሱም ሰዎች ገለቶማ፣ ፎጣችሁ እኔ ጋ ነው

አቦ እግሬ ጄሶ ውስጥ ስለሆነ ከስልክ በቀር ስራ የለኝም፣ ካስረዘምኩ ታገሱኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከድሬ በሌሊት ተነስተን ደንገጎን ወጥተን በሐረር አድርገን ጉርሱም ቁንዱዶ ተራራ ልንወጣ ሄድን። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ እኔ ደሞ 1,200 ሜትር ላይ በሙቀት ያደግኩ የድሬ ሳቢያን ሰፈር ልጅ ነኝ፣ በዛ ላይ ሶሉ ያለቀ ስኒከር አድርጌ (እናቴ ይሄን ስታነብ እንደገና ልትቆጣ ነው)። አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሳር የለበሰ ሜዳ፣ ጌታ የሌላቸው ፈረሶች አሉበት፣ ከድሮ ጦርነት አምልጠው የቀሩ ናቸው ይባላል፣ እኛ ሁለቱን ከሩቅ አየናቸው። ጫፉ ላይ ስትቆሙ ገደሉ ከእግራችሁ ስር ቁልቁል ነው፣ ከዛ ወዲያ ቆላው ብቻ። እንደፈራሁት እዛ አልወደቅኩም፣ ስንወርድ ነው፣ ቀጭ ሲል ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ሰሙ።

ኔትወርክ የለም፣ መኪናው ሩቅ፣ ጓደኞቼ ከኔ በላይ ደንግጠዋል። ማሳ ላይ የነበሩ ሰዎች ጩኸታችንን ሰምተው መጡ፣ ምንም ሳይጠይቁ ሁለት እንጨት ቆርጠው ፎጣና ሽርጣቸውን አስረው ቃሬዛ ሰሩና ስምንት ሆነው እየተቀያየሩ ያንን ቁልቁለት አወረዱኝ። ኦሮምኛ እንደምሰማ አላወቁም መሰለኝ፣ "ይሄስ ከማሽላ ጆንያ ይከብዳል" እየተባባሉ ሲስቁ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። መንገድ ላይ አንድ እናት ሆጃ (ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል የሚፈላ መጠጥ) በሙቁ አምጥተው በእጃቸው አጠጡኝ። እማዬ፣ እድሜ ይስጥዎት።

ጓደኞቼ ብር አዋጥተው ሊሰጡ ሲሉ ከፊት የያዘው ሰውዬ ተቆጣ፣ "እናንተ ሀገር ሰው ሲወድቅ ይከፈላል እንዴ?" አላቸው። አፈርን።

ሐረር ድረስ ቀስ ብሎ የነዳው ሾፌራችን፣ ሌሊቱን ያልተኙት ነርሶች፣ ወጌሻ ካላመጣሁ ያላችሁ ጎረቤቶቼም (አይሆንም እሺ) ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ግን ያ ከፊት የያዘው ሰውዬ ስሙን ሳልጠይቀው ሄደ። ፎጣው እግሬ ላይ እንደተጠቀለለ ድሬ መጣ፣ ታጥቦ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጉርሱም ዘመድ ያላችሁ ንገሩልኝ፣ ረጅም ነው፣ ፊት ጥርሱ መሀል ክፍተት አለው፣ ጄሶው ሲፈታ ፉኛን ቢራ (የጉርሱም ከተማ) ገበያ ድረስ እኔው ይዤለት እመጣለሁ፣ በደህና ጫማ።