ፕሪንተሩ አልተበላሸም፤ አድራሻው ተቀይሮ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ከተማ ማራኪ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ። ስለ ስልክና ስለ ኮምፒውተር የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ዛሬ ደግሞ ከሥራዬ የማውቀውን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ጉዳዩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ግን የስንቱን ሰው ገንዘብና ጊዜ እየበላ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱና በየሰዉ ቤት ጨርቅ ለብሰው ጥግ የተቀመጡ ፕሪንተሮች አሉ። "በዋይፋይ ይሠራል" ተብሎ ደህና ገንዘብ ወጥቶባቸዋል። አሁን ሲጠየቅ "ተበላሽቷል" ነው መልሱ። እኔ ካየኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም። ቀለም አላቸው፣ ወረቀት ይስባሉ፣ ኮፒ ያደርጋሉ። ከዋይፋዩ ጋር ተለያይተው ነው እንጂ ጤነኞች ናቸው። ባለቤቶቹ ግን ወይ ቴክኒሻን ጠርተው ይከፍላሉ፣ ወይ እኔ ዘንድ መጥተው በገጽ ይከፍላሉ። ለእኔ ገበያ ነው። ቢሆንም ቤቱ ደህና ማሽን እያለው ለአንዲት ደብዳቤ ፀሐይ ላይ ተመላልሶ ሰልፍ የሚይዝ ሰው ሳይ አይዋጥልኝም።

አንዱን ልንገራችሁ። እትዬ እያልኩ የምጠራቸው አንዲት ጸሐፊ አሉ። የሚሠሩበትን ቢሮ አልጠራም። ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፣ ደብዳቤ አስወጥተው ይሄዳሉ። አንድ ቀን "እትዬ፣ ቢሯችሁ ፕሪንተር የለም እንዴ?" አልኳቸው።

"አለ እንጂ ልጄ። ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ሞቷል። ኮምፒውተሩ ኦፍላይን ነው የሚለው።"

ከሥራ በኋላ አብሬያቸው ሄድኩ። ማሽኑ ላይ ያለችው የዋይፋይ መብራት ሳትርገበገብ በርታለች። ይህ ማለት ፕሪንተሩ ከራውተሩ፣ ዋይፋዩን ከሚለቀው ሳጥን ጋር፣ ተገናኝቷል ማለት ነው። የኔትዎርክ መረጃ የሚያወጣውን ቁልፍ ስጫነው አንድ ወረቀት ተፋ። ወረቀቱ ላይ የማሽኑ አይፒ አድራሻ ተጽፏል። አራት ቁጥሮች ናቸው፣ በነጥብ የተለያዩ። የመጨረሻው ቁጥር 7 ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቼ ወደየት እንደሚልክ ሳይ፣ የመጨረሻው ቁጥር 4 ነው። ኮምፒውተሩ 4 ቁጥር ጋ ሄዶ ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት የለም። ፕሪንተሩ 7 ቁጥር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። "ሞቷል" የተባለው ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተር እንደ ፔንሲዮን እንግዳ ተቀባይ አስቡት። ለሚገባው ሁሉ የክፍል ቁጥር ያድላል፣ ለስልኩም፣ ለላፕቶፑም፣ ለፕሪንተሩም። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይወጣል። ሲመጣ እንደገና ይገባል። ቀድሞ የገባ የትናንቱን የሌላ ሰው ቁጥር ሊይዝ ይችላል። እንደ እኛ አገር መብራት በሚመላለስበት ቦታ ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። አንዳንድ ኮምፒውተር አዲሱን ቁጥር ራሱ ፈልጎ ያገኛል። አንዳንዱ ግን ድሮ በተሰጠው ቁጥር ላይ ድርቅ ይላል።

መፍትሔው ራውተሩ ለፕሪንተሩ ቋሚ ቁጥር እንዲይዝለት ማዘዝ ነው። ያቺው ማሽኑ የምታወጣት ወረቀት ላይ ማክ አድራሻ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር አለ። እሱ አይቀየርም፣ ማሽኑ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው መታወቂያው ነው። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ "ይህ ማክ ሲመጣ ሁልጊዜ ይህን ቁጥር ስጠው" ብሎ መመዝገብ ይቻላል። ብዙ ራውተር ይህን ይፈቅዳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የድሮውን ፕሪንተር አጥፍቶ በአዲሱ ቁጥር መጨመር ነው። በቃ። እትዬ ቢሮ እንዲህ አደረግንና ቁጥሩን በወረቀት ጽፈን ማሽኑ ጎን ላይ በፕላስተር ለጠፍነው። ከዚያ በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሪንተሩ ያው ቦታው ላይ ይገኛል።

ይህ ከተገናኘ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ነው። ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ያለው ደግሞ ይብሳል።

ዋይፋይ በቤታችን በዋናነት በሁለት ሞገድ ይሠራል። አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ይከብደዋል። 2.4ቱ ዝግ ይላል፣ ራቅ ብሎ ግን ይደርሳል። ለቤትና ለአነስተኛ ቢሮ ከሚሸጡት ፕሪንተሮች ብዙዎቹ የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። አሁን የሚመጡት ራውተሮች ደግሞ ሁለቱንም ይለቃሉ። ገዢው ከዋይፋዮቹ ስም መካከል መጨረሻው ላይ 5 ያለበትን ይመርጣል፤ ስልኩ እሱ ላይ ስለሆነ። ፕሪንተሩ ግን ያንን ስም ጭራሽ አያየውም። ከዚያ ፓስወርዱን ይቀያይራል፣ አፑን አጥፍቶ ይጭናል፣ መጨረሻ ላይ ማሽኑን ይረግማል። መጀመሪያ 2.4ቱን መምረጥ ነበር። ሁለቱ በአንድ ስም የሚወጡ ከሆነ ራውተሩ ላይ ለየብቻ ስም መስጠት ወይም ለጊዜው 5ቱን ማጥፋት ነው። የራውተሩ የይለፍ ቃል ጥበቃ ደብሊው-ፒ-ኤ 3 ብቻ ተብሎ ተስተካክሎ ከሆነም ቆየት ያሉ ፕሪንተሮች አይገቡም። ወደ ደብሊው-ፒ-ኤ 2 ወይም ወደ 2 እና 3 ጥምር ዝቅ ሲደረግ ይገባሉ።

ስለ ሻጮች አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እውነተኛው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ኢፕሰን ኤል 3210 እና ኤል 3250 የሚባሉ ሁለት ማሽኖች አሉ። ሁለቱም በጠርሙስ ቀለም የሚሞሉ ናቸው፣ በመልክም መንትያ ይመስላሉ። 3250 ዋይፋይ አለው። 3210 የለውም፣ በኬብል ብቻ ነው የሚሠራው። ኬብል ለሚበቃው ሰው 3210 ጥሩ ማሽን ነው፣ እኔም እመክረዋለሁ። ግን አንድ ደንበኛዬ "ዋይፋይ ያለው ስጠኝ" ብሎ ከፍሎ 3210 ተሸክሞ መጣ። ቤቱ ሄዶ ሌሊቱን የሌለ ቁልፍ ሲፈልግ አደረ። ሻጩን ማንነቱን አልናገርም። ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ ግን "አይመለስም" ነው ያለው። ሰውዬው ጡረተኛ ነው። ከልጅ ልጁ ስልክ በቀጥታ ሊያትምበት ነበር የገዛው።

ይህ በጥቂት ደቂቃ የሚቀር በደል ነው። ሻጩ ካርቶኑን ገዢው ፊት ይክፈት። ሱቁ ዋይፋይ ከሌለው የራሱን ስልክ ሆትስፖት ያብራ፣ 2.4 ላይ ያድርገው። ማሽኑን ያገናኝ፣ ከገዢው ስልክ አንድ ገጽ ያትም። ያቺን ወረቀት ገዢው ይዞ ይሂድ። ቀለም ይባክናል የሚል ሰበብ አልቀበልም፣ ሁሉም ማሽን ሲገዛ መሞከር አለበት። ስልክ ስንገዛ ሲም አስገብተን ሳንደውል ከሱቅ እንወጣለን እንዴ?

ገዢዎችም ሳትከፍሉ ጠይቁ። የሞዴል ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። አንዳንድ ሞዴሎች ለማተም ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ግዴታቸው ነው። እንዲህ ያለውን ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ይዞ መሄድ ጭንቀት መግዛት ነው። ይህንን ስል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አብዛኛው የዋይፋይ ፕሪንተር ለማተም ኢንተርኔት አይፈልግም! የሚፈልገው ራውተሩ መብራት እንዲኖረውና ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ እዚያው ራውተር ላይ እንዲሆን ነው። ፓኬጅ ቢያልቅም፣ መስመር ቢቋረጥም ይታተማል። ኢንተርኔት በሚጠፋባቸው ጊዜያት እኔ ሥራ አላቆምኩም። ሰዉ ግን "ኔት የለም" ብሎ ማሽኑን ሳይሞክረው ያጠፋዋል።

ራውተር የሌላቸውም ቢሆኑ መንገድ አላቸው። ዋይፋይ ዳይሬክት የሚባል አለ። ፕሪንተሩ ራሱ የራሱን ዋይፋይ ይለቃል፣ ስሙ ብዙ ጊዜ "ዳይሬክት" በሚል ይጀምራል። ስልኩ እሱ ላይ ገብቶ ያትማል። ስልኮቹ ራሳቸውም ከድሮው ቀለዋል። አይፎን ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ አፕ የሚያትምበት ኤርፕሪንት የሚባል ነገር አለው። አንድሮይድም ከእ.ኤ.አ. 2017ቱ አንድሮይድ 8 ጀምሮ የማተሚያ አገልግሎት አብሮት ይመጣል። ፋይሉን ከፍቶ "ፕሪንት" የሚለውን መንካት ነው፣ ፕሪንተሩ ዝርዝር ውስጥ ይመጣል።

እኔ ለምን እንዲህ እንደምሟገት ልንገራችሁ። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ እዚህ ማራኪ መቀመጫ ይጠፋል። ልጆቹ በፍላሽ ይዘው ይመጡ ነበር። አንዱ ፍላሽ ከአንዱ ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞ ይመጣና ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ ይላሉ። ስንት ወር የተለፋበት ጽሑፍ ጠፍቶባት እዚሁ ወንበር ላይ ያለቀሰች ልጅ አውቃለሁ። ቴሌግራም ሲመጣ ተሻለ። ግን የሁሉም ሰው ጽሑፍ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያ የእኛ ኮምፒውተር ላይ ወርዶ ይቀራል፣ ካልጠፋ። በዋይፋይ ከስልክ ሲታተም ፋይሉ ልጅቷ ስልክ ላይ ነው የሚቀረው። ፍላሽ የለም። እኔ ኮምፒውተር ላይ የወረደ የለም። አሁን ብዙ ደንበኞቼ እንዲህ ነው የሚያትሙት።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፣ ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም። ራውተሮች ላይ ደብሊው-ፒ-ኤስ የምትባል ቁልፍ አለች። ራውተሩ ላይ እሷን ተጭኖ በ2 ደቂቃ ውስጥ የፕሪንተሩን የዋይፋይ ቁልፍ ሲይዙት ያለ ፓስወርድ ይገናኛሉ። ቁልፏን መጫን ምንም አይደለም፣ እንዲያውም እስክሪን ለሌላቸው ማሽኖች ቀላሉ መንገድ ነው። አደጋው በፒን ቁጥር የሚሠራው ሌላው ዓይነቱ ላይ ነው። ፒኑ 8 አሃዝ ነው። ግን ቢበዛ በ11,000 ሙከራ እንደሚሰበር እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ይፋ ወጥቷል። ለኮምፒውተር ይህ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ የፒኑን መንገድ አጥፉት። የራውተሩንም የፋብሪካ ፓስወርድ ቀይሩ። ለእንግዳ የሚለቀቅ ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕሪንተሩን አያየውም፤ ሆን ተብሎ ነው የተለየው። "ፕሪንተሩ አይታየኝም" የሚል እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የትኛው ዋይፋይ ላይ እንዳለ ጠይቁት። ዊንዶውስ ላይም ኔትዎርኩ "ፐብሊክ" ተብሎ ከተመዘገበ እንዲሁ ሊደበቅ ይችላል። "ፕራይቬት" ሲደረግ ይገኛል፣ የምታምኑት የቤት ወይም የቢሮ ዋይፋይ ከሆነ።

ኢፕሰን ላላቸው ደግሞ አንድ ጠቃሚ ነገር። ግንኙነቱ እምቢ ሲል ማሽኑ የሚያወጣው ሪፖርት ላይ የስህተት ቁጥር ይጻፋል። ኢ-2፣ ኢ-3 ወይም ኢ-7 ካለ የዋይፋዩ ስም ወይም ፓስወርዱ ላይ ነው ችግሩ። ቴክኒሻን ከመጥራታችሁ በፊት ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይታችሁ እንደገና ጻፉት። ሙያተኛውም ቢሆን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው። እኔ እጅ ከገቡት የፕሪንተር መመሪያዎች ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ አላየሁም። እናንተ አንድ ገጽ ሰጥታችሁ ይህን ነገር ከነሥዕሉ ብታወጡት፣ ሰዉ ቆርጦ ማሽኑ አጠገብ ይለጥፈዋል። አስመጪዎችንም አነጋግሩልን። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ መጨመር ምን ያህል ያከስራቸዋል? መሥሪያ ቤቶችም አዲስ ማሽን ለመግዛት ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት ጨርቅ የለበሰውን አሮጌውን አንድ ሰው አድራሻውን አይቶ እንዲሞክረው ቢያደርጉ መልካም ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሕዝብ ነው።

የመመረቂያው ወቅት ከመድረሱ በፊት ቢወጣ እዚህ ለብዙ ልጆች ይደርሳል። ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ሰው ካላችሁ፣ ማሽኑ የሚያወጣውን ወረቀትና የራውተሩን ሴቲንግ ደረጃ በደረጃ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክላችኋለሁ። ዋጋ አልጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈትና ኮፒ አገልግሎት ባለቤት
ከጎንደር፣ ማራኪ